ሎሚ ለቁርጥማት

ጣቶቼ መጀመሪያ ያመፁብኝ የጁስ ቤቴ በር ላይ ነው። ከተማችን ጭሮ ጠዋት ጠዋት ብርድ አላት፤ እኔም ብርዱ ነው ብዬ ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቁልፉ ጓጉንቸሩ ውስጥ ገብቷል፣ የቀረው ማዞር ብቻ ነው፣ እሱ አቃተኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስከፍተው የኖርኩትን በር! ቁልፉን ሰደብኩ፣ ጓጉንቸሩን ሰደብኩ፣ የሸጠልኝንም ሰውዬ ጨምሬ ሰደብኩ። ልጄ ከኋላዬ መጥታ በሁለት ጣቷ ቀጭ አድርጋ ከፈተችው። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ያን ቀን ፈርቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። ስነሳ አንጓዎቼ አብጠው፣ ሲነኩ እየፋጁ፣ ጣቶቼ አልታጠፍም አልዘረጋም ይላሉ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ማንጎ መላጥ አልችልም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ቀስ እያሉ ይለቁኛል። ነገሩ አልገባኝም። የድካም ቢሆን ኖሮ ሠርቼ ስውል ነበር የሚብሰው፤ ይሄ ግን ባረፍኩ ቁጥር የሚብስ ነው። ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የቀኙ የመሃል ጣት ካበጠ የግራውም ያብጣል፣ ማን እንደነገረው እንጃ። አንዳንዴ ሁለቱን እጆቼን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሕመሜን ረስቼ፣ እንዴት እንዲህ ተስማሙ ብዬ አያቸው ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ በቅቤ እሺው አለች፣ አንዷ በነጭ ሽንኩርት፣ ሌላዋ ምቀኛ ነው ብላ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። መጨረሻ ላይ ልጄ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ፊቱን ሳየው ወተት ስጪው ስጪው ይለኛል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል አለኝ። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ነገሩ ባጭሩ፣ ከበሽታ ሊጠብቁኝ የተፈጠሩት የደሜ ወታደሮች የገዛ አንጓዬን ጠላት ነው ብለው እያጠቁት ነው። የሚያረጋጋቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ቢጫ ክኒን ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትዋጥ። እኔ ሐሙስን መረጥኩ። በየወሩ እየመጡ ደም መመርመር ግድ ነው ተባልኩ።

ከበደሳ ከተማ የሚመጡትን ሴትዮ ያገኘኋቸው በዚያ የደም ምርመራ ወረፋ ላይ ነው። ላቦራቶሪው ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጣቶቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለዋል። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል። ሳያቸው ወዲያው አወቅኩ፣ የእኔም እጅ በሻሽ ተጠቅልሎ ነበርና። እኔ እትዬ አልኳቸው፣ እሳቸው ኦቦሌቲ አሉኝ፣ እህቴ ማለት ነው። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፣ የእኔም ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ግን ለአንጓ ሕመም ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ቡና ነው የሚኖሩት። ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው እየለዩ አንድ በአንድ ይለቅሙታል። ስለ በሽታው ሲያወሩ ሞትን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም። ፍርሃታቸው ሌላ ነበር።

«ጣት ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ?» አሉኝ። «ቡና በጥርስ አይለቀም።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ደማቸውን ሰጥተው ጁስ ቤቴ ይመጣሉ። ፓፓያ ይወዳሉ። የምርመራ ወረቀታቸውን አውጥተው እንዳነብላቸው ይሰጡኛል፤ እኔም የማላውቀውን ቁጥር እንደሚያውቅ ሰው አገላብጬ፣ ደህና ነው እላቸዋለሁ። አንቺ ታነቢያለሽ ይሉኝ ነበር። ይህች አነጋገራቸው፣ እግዜር ይይላትና፣ ልቤን አሳበጠችው።

አንድ ረቡዕ ቀን ዶክተሩ ራሱ በምሳ ሰዓት አቮካዶ ሊጠጣ መጣ። አቮካዶውን ለሁለት ከፈልኩ፣ ግማሹን ለእሱ ወሰድኩ፣ በቀረው ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጌ ሳህን ደፋሁበት። ሎሚው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅኩበት። ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ ሎሚ አታውቅም ወይ፣ እንዳይጠቁር ነዋ አልኩት። ለምን ይጠቁራል አለኝ። አየር ሲያገኘው ነዋ አልኩ። አየሩ ምን ያደርገዋል አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት በየቀኑ የማደርገውን ነገር ለምን እንደማደርገው አላውቅም ለካ!

ብርጭቆውን ይዞ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነገረኝ። አየር ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ አቮካዶውን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ምስማር የሚያዝገውም እሱ ነው፣ ቅቤ የሚያስሸትተውም እሱ ነው። ታዲያ ሎሚው ምን ያደርጋል? ሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከአቮካዶው ቀድሞ ራሱን ለኦክስጅኑ ይሰጣል። እሱ ይበላል፣ አቮካዶው ይተርፋል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አንቲኦክሲዳንት ይሉታል አለኝ።

እሺ ብዬ ወደ ሥራዬ ልመለስ ስል፣ እጆቼን በዓይኑ አሳየኝ።

«እዚያ አንጓ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው» አለኝ።

የምንበላውን ምግብ ሰውነታችን የሚያነደው በምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ሲነድ ፍንጣሪ ይፈናጠራል። ፍንጣሪውን የሚያጠፋ ነገር ሰውነት ራሱ ይሠራል፣ ከምግብም ያገኛል። የደም ወታደሮች ደግሞ ተህዋስ ሲያገኙ ያንኑ ፍንጣሪ አውቀው እያመረቱ ይረጩበታል፤ መሣሪያቸው ነው። የእኔ አንጓ ውስጥ ግን ተህዋስ የለም። ጠላት በሌለበት ይተኩሳሉ፤ የሚነደው የእኔው ሥጋ፣ የእኔው አጥንት ነው። ፍንጣሪው በዝቶ የሚያጠፋው ሲያንስ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። ይሄን ሲያስረዳኝ ሌላም ነገር ብሎኛል፤ ፍራፍሬ መልካም ነው፣ ክኒንሽን ግን… ብሎኛል። እኔ ግን ጆሮዬ ሎሚው ላይ ቀርቷል።

ከሄደ በኋላ ሰው እስኪጠራኝ ድረስ ተቀምጬ ቀረሁ። ምን ልበላችሁ፣ እንዲያ ተገርሜ አላውቅም። አየር ሳብኩ፣ አየር አስወጣሁ። ይሄ ከእናቴ ሆድ ከወጣሁ ጀምሮ ለአንዲት ደቂቃ ያልተለየኝ፣ ቢለየኝ የምሞትበት ነገር፣ እሱው ነው ለካ በሌላ በኩል የሚያነደኝ! መንገዱን አየሁ፤ ባጃጁ፣ በርበሬ የተሸከመችው ሴት፣ ጫት የሚያስሩት ሰዎች፣ ሁሉም ይተነፍሳል፣ ሁሉም ውስጡ እየነደደና እየጠፋ ነው፣ አንዱም አያውቅም። አማተብኩ። ፈጣሪ ይህን ያህል እሳት በሰው ውስጥ አስቀምጦ ሰው ሳይቃጠል ሰማንያ ዓመት መኖሩ ገረመኝ፤ እኔን ካሳመመኝ ነገር ይልቅ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሳልታመም መኖሬ ደነቀኝ።

መደነቅ ጥሩ ነገር ነው። እኔን ያጠፋኝ ከመደነቄ በኋላ አወቅሁ ማለቴ ነው።

ሁዳዴ ገባ። እንደ ልማዴ ሥጋና ቅቤ ተውኩ። በላዩ ላይ ግን የራሴን መድኃኒት ጀመርኩ፤ ሎሚ፣ ቀይ ስር፣ ብርቱካን፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ እርድ፣ አንድ ላይ ፈጭቼ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ። ሎሚ አቮካዶ የሚያድን ከሆነ አንጓ የማያድነው ለምንድን ነው? የዓመታት ሥራዬ ምስክሬ ነው። ቢጫዋ ክኒን ደግሞ በዋጥኳት ማግሥት ዓርብን ሙሉ ያቅለሸልሸኛል። የመጀመሪያውን ሐሙስ ዘለልኩ። ምንም አልሆንኩም። ሁለተኛውን ዘለልኩ። ምንም። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ቀለል አለኝ፣ ጠዋት በሩን ራሴ ከፈትኩ! እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ለብቻዬ እንዴት ልያዘው? እትዬ ከበደሳ ሲመጡ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቮካዶውን በዓይናቸው ፊት ቆርጬ፣ ግማሹን በሎሚ፣ ግማሹን እንዲሁ ትቼ፣ ወሬያችንን ስንጨርስ አሳየኋቸው። ሎሚ የነካው አረንጓዴ ነው፣ ያልነካው ጠቁሯል። እትዬ አጀብ ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ክኒኑስ አሉኝ። ተዪው ሳይሆን ይተዉት ብዬ፣ በአክብሮት፣ እርስዎ እያልኩ ነው ያሳሳትኳቸው። ሰው ሲሳሳት እንኳ አማርኛው አይቀየርም። ምርመራውም ከእንግዲህ ምን ይሠራል፣ ከበደሳ እዚህ ድረስ በሚኒባስ መንገላታት ነው አልኳቸው። እዚያው የላቦራቶሪው ወንበር ላይ ለተዋወቅኳቸው፣ አንዷ ከቦኬ አንዷ ከአሰቦት ለሚመጡ ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንዲሁ ነገርኩ።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ሲያልቅ አንድ ጠዋት ነቅቼ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጣት ብቻ አይደለም፤ የእጅ አንጓዬ፣ ጉልበቴ፣ መንጋጋዬ ሳይቀር። ብርድ ልብሱ ራሱ ከበደኝ። ልጄን ስጠራት ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ደግፋ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ።

ዶክተሩ አይቶኝ ክኒኑን ስንት ጊዜ ሆነሽ ካቆምሽ አለኝ። እንዴት አወቅህ ልለው ነበር፤ ግን አለቀስኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩለት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያሳተኝ ያው ረቡዕ ቀን የነገረኝ ነገር መሆኑ ገባው መሰለኝ። ተቆጥቶኝ ቢሆን በወደድኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አቮካዶው አንዴ ከጠቆረ በኋላ ሎሚ ብትጨምቂበት ይመለሳል?»

ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በጭሮ አለ? አይመለስም። የጠቆረውን ቆርጠን ነው የምንጥለው። እጄን አየሁት። እጅ ተቆርጦ አይጣልም።

ቀለል ያለኝ ሎሚው አይደለም፣ ቀድሞ የዋጥኩት ክኒን ከሰውነቴ ወጥቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ ነው አለኝ። ስተወውም የቆየው ኃይሉ ይዞኝ ነበር፤ እሱ ሲያልቅ ወታደሮቹ ተመለሱ። ፍራፍሬው ይጠቅማል፣ ማንም አይከለክልሽም፤ ግን የተኮሱትን ጥቂት ፍንጣሪ ያጠፋ ይሆናል እንጂ መተኮሳቸውን አያስቆምም። እንዳይተኩሱ የሚያረጋጋቸው ክኒኑ ነው። እሱም ቢሆን የተበላውን አጥንት አይመልስም፤ ያልተበላውን ነው የሚጠብቀው። አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጎን አድርጎ አሳየኝ። በአንዲት አንጓ ጠርዝ ላይ፣ በፊት ያልነበረች፣ ምስር የምታክል ጥቁር ጉድጓድ ነበረች። ወደድኩም ጠላሁም ያች ከእኔ ጋር ትኖራለች። ትንሽ ናት አለኝ፣ በጊዜ መጥተሻል አለኝ።

በጊዜ ሲለኝ ነው እትዬ ትዝ ያሉኝ። ክው አልኩ። ሁለት ወር ሆኗቸዋል ሳይመጡ። እኔ አይምጡ ብያቸው!

ስልካቸውን ደወልኩ፣ አይሠራም። ክኒኑን እንደገና ጀምሬ፣ ዶክተሩ ለጊዜው እብጠቱን የሚያስተነፍስ ሌላ መድኃኒት ጨምሮልኝ፣ ልቆም ስችል ሰኔ ገብቶ ነበር። ልጄ ልከተልሽ ስትለኝ ጁስ ቤቱን ማን ይጠብቃል ብዬ አስቀረኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ልጄ ፊት ልነግራቸው አፈርኩ። የበደሳ ሚኒባስ ውስጥ የሰው ጉልበት ጉልበቴን በነካው ቁጥር ጥርሴን እየነከስኩ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ሄድኩ። አንዱንም አላገኘሁም።

ገበያው አጠገብ ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ። እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ጆንያ አንጥፈው፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ዘርግተው እያጣሩ ነበር። የሚያጣሩት በግራ እጃቸው ነው። ቀኙ ጭናቸው ላይ አርፏል። ቀርቤ አየሁት፤ ትንሿና የቀለበት ጣታቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ቀርተዋል። በሌላኛው እጃቸው ሊዘረጓቸው ሞከሩልኝ፣ አልተዘረጉም። ወደ ጓሮ ያሉት የቡና ዛፎች አረንጓዴ ፍሬ ቋጥረዋል፤ ጥቅምት ሲመጣ ይቀላል።

መቀመጫ ስጡኝ ሳልል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የቆጡን የባጡን አላልኩም። ሎሚው ልክ እንዳልሆነ፣ ክኒኑን እንዲተዉ የነገርኳቸው ሳላውቅ እንደሆነ፣ ወረቀታቸውን ሳነብላቸውም አላውቅ እንደነበር፣ የጠቆረ እንደማይመለስ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። የጣቶቹ ነገር ላይ ስደርስ፣ የበደልኩዎት እኔ ነኝ አልኳቸው። ቢሰድቡኝ፣ ከግቢዬ ውጪ ቢሉኝ ዝግጁ ነበርኩ።

እትዬ አንዲት የቡና ፍሬ አንስተው በአውራ ጣታቸው አገላበጧት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አሉኝ።

የጠበቅኩት ይሄን አልነበረም። ለቦኬዋና ለአሰቦቷ አልኳቸው።

«የቦኬ ገበያ ከነገ ወዲያ ነው» አሉ። «አብረን እንሄዳለን። አንቺ ብቻሽን ብትነግሪ አያምኑሽም፤ ትናንት ሎሚ ያልሽ ነሽ። እኔ እጄን አሳያለሁ።»

እኔ እዚያች ጆንያ ጠርዝ አጠገብ እንደተቀመጥኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰው አንጓ ውስጥ ምን እንደሚነድ ዶክተሩ ነግሮኛል፤ እኚህን ሴት እንደዚያ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ማታውን እሳቸው ዘንድ አደርኩ፣ በማግሥቱም ክኒናቸውን ለማስጀመር ጭሮ ወስጃቸው ለዶክተሩ አሳየኋቸው። ሦስቱን ጣት እናድናለን አለ። ሁለቱን ግን ሲጫናቸው ቆይቶ ተዋቸው።

ቦኬ ሄድን። የቦኬዋ ሴት ገበያ ውስጥ ማሽላ ዘርግታ ነበር። እትዬ አጠገቧ ተቀምጠው በኦሮምኛ ይነግሯት ጀመር፤ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። ስሜን ሲያነሱ አንዲት ክፉ ቃል አልጨመሩም። መጨረሻ ላይ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ሴትዮዋ ያን እጅ አየችው። ከዚያ የራሷን ጣቶች ዘረጋች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች። ለእሷ ገና ይታዘዙላታል። ክኒኑን አልጣለችውም፣ ቤት ውስጥ ነበር። ለአሰቦቷም በሳምንቱ ደረስንላት።

ይሄ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። እኔ ሐሙስን ዘልዬ አላውቅም፤ ብርቱካኔንም እጠጣለሁ፣ ሰው ስለ ሎሚ ሲጠይቀኝ ደግሞ ጠጪ ግን ክኒንሽን አትተዪ እላለሁ፣ ሳልጠየቅም እላለሁ። እትዬ ቡናቸውን በሦስት ጣት ይለቅማሉ። አንድ ጥቅምት ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ቀዩን ከአረንጓዴው መሃል ሲያወጡት ቅርንጫፉ አይነቃነቅም። ሁለቱ ጣቶች እስከ ዛሬ አልተዘረጉም። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየሳመ ነው ሰላም የሚባባለው። እትዬ ለእኔ የሚዘረጉልኝ ያንኑ ሁለት ጣቱ የታጠፈውን ቀኝ እጃቸውን ነው። ግራቸውን አንድም ቀን ሰጥተውኝ አያውቁም።